ከዘበኛው በፊት

የክሊኒኩ ድረ ገጽ የአንዲትን ሴት የደም ምርመራ ውጤት ለጎረቤቷ አሳየ። ጎረቤቲቱ ደግሞ አፏን የምትይዝ ዓይነት አይደለችም።

ገጹን የሠሩት እህትና ወንድም ናቸው። እሱ ደንበኛ ያግባባል፤ ኮድም ይነካካልና ጓደኞቹ «ጠጋኙ» ይሉታል። እሷ ትጽፋለች፣ እሱ የነካካውንም ታስተካክላለች።

«ውጤቱ ገጽ ላይ አንድ ማጣሪያ ጨምሪበትና ይለቅ» አላት ከጀርባዋ ቆሞ። «የክሊኒኩ ዶክተር ስልክ ላይ ናት።»

እሷ ግን እግሯን እያርገበገበች፣ ሁለት ዓመት ሲገለገሉበት አንድ ቀን እንኳ ገልጠው ያላዩትን፣ ገጹ የቆመበትን የዝግጁ ኮድ መሠረት፣ የፍሬምወርኩን ሆድ ዕቃ ታነብባለች። የተወሳሰበ ነገር ጠብቃ ነበር፤ ያገኘችው አጭር ኮድ ነው። ገጽ ለመክፈት የመጣው ጥያቄ በንብርብሮች ውስጥ ያልፋል፤ እያንዳንዱ ንብርብር የራሱን ሥራ ሠርቶ ለቀጣዩ ያቀብላል። አንዱ ስለሌላው የሚያውቀው ነገር የለም። ሁሉንም የሚወስነው ተራቸው ነው።

መጀመሪያ ዘበኛ የሆነው ንብርብር «ማን ነህ?» ይላል። ከእሱ ኋላ፣ የተዘጋጀ ገጽ አስቀምጦ መልሶ የሚሰጠው ማከማቻ ይመጣል። ባለፈው ሳምንት ክሊኒኩ «ገጹ ተንቀረፈፈ» ሲል፣ ጠጋኙ ማከማቻውን አንስቶ ከዘበኛው ፊት አቆመው። ገጹ በረረ፤ እሱም ተመሰገነ። ከዚያ ወዲያ «ውጤቴ» የሚለውን የከፈተ ሁሉ ከእሱ በፊት ለከፈተው ሰው የተዘጋጀውን ያገኝ ጀመር።

«ዛሬ የውጤቱን ገጽ፣ ነገ የቀጠሮውን» አለችው። «ስንቱን ትጠግናለህ ወንድምዬ?»

«ዩኒቨርሲቲ ያስተማረሽ ሁሉ ዛሬ ትዝ አለሽ?»

«ገጹን ማጥፋት አለብን። እስካሁንም የሰው ውጤት እያደለ ነው።»

ጠጋኙ ግን ገጹ ለአንዲት ደቂቃ እንኳ እንደማይጠፋ ለዶክተሯ ምሎላታል። ክሊኒኩ ከሄደ ሌላ ደንበኛ እንደሌላቸው፣ ይህችን ክፍልም እንደሚለቁ እየደጋገመ ለእህቱ ነገራት። እሱ ሳይጨርስ እሷ አጠፋችው። የዘበኛውንና የማከማቻውን መስመሮች አቀያየረች፣ ማከማቻውን ባዶ አደረገች፣ በሁለት ሰው ስም ገብታ ሞከረች። ለየሰው የራሱ ውጤት መጣ። ከዚያ በኋላ ነው መልሳ የከፈተችው።

ጠጋኙ ተነፈሰ። «በቃ፣ ዶክተሯን ኔትወርክ ነው እንበላት።»

ቦርሳዋን አነሳች። «የማን ውጤት ለማን እንደታየ ክሊኒኩ ማወቅ አለበት። ሄጄ እነግራታለሁ።»

«እኔን አሳልፈሽ ልትሰጪኝ ነው?»

«ተራው ተዛብቶ ነው እላታለሁ። ማን አዛባው ካለች ግን ትደውልልሃለች፤ ስልክህን እንዳታጠፋ።»

ሊከተላት እግሩን ሲያነሳ ወጥታ በሩን ዘጋችው።