ጾም ያወፈረው ዓሣ

ኣስገዶም በዕድሜው ያልተናገረው ነገር የለም፤ «አላውቅም» የምትለዋን ቃል ግን አንድም ቀን ከአፉ አውጥቷት አያውቅም። መንገድ ብትጠይቁት ረግጦት የማያውቀውን ሰፈር እንኳ በእጁ እያመላከተ ይነግራችኋል። አንዴ ከሚኖሩባት ናይሮቢ ወጥተን ናይቫሻ ሐይቅ እንዝናና ብሎ ሚስቱን ጽገወይኒን አሳፍሮ በሌላ አቅጣጫ ያለችው ቲካ አደረሳት። «በዚህም ይኬዳል» ብሎ ድርቅ አለ እንጂ መኪናውን አቁሞ ሰው አልጠየቀም። መሃል ከተማ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ በነበረው ጊዜም እንደዚሁ ነበር፤ ደንበኛ ምን ይጠይቅ ምን፣ መልሱ «አውቀዋለሁ» ነው። ሱቁን ሸጦ ሁርሊንግሃም ሰፈር ቤቱ ከተቀመጠ በኋላ ግን የሚያውቀውን የሚነግረው ሰው አጣ። ታዲያ ምን ያድርግ? ዓሣ ገዛ።

ሁዳዴ ሊገባ ቀናት ሲቀሩት ነው የገዛው። ዓሣው ከትንሽ ጣት የማይበልጥ፣ ከሲታ፣ በጎኑ ጥቁር መስመር ያለው ነገር ነው። ሻጩ እንደ አገሩ ሽማግሌ አክብሮ «ምዜ፣ ይሄ ካትፊሽ ነው፤ ከአማዞን የመጣ» አለው፤ ከዚያ በላይ እሱም አያውቅም። በቃ! ኣስገዶም አጉሊ መነጽር ገዛ፣ ስለ ደቡብ አሜሪካ ትናንሽ ካትፊሾች የተጻፈ አሮጌ መጽሐፍ ከመንገድ ዳር አገኘ፣ ገንዳው ላይ ተደፍቶ ሰነበተ። እነዚህ ዓሦች እንደሌላው ዓሣ ቅርፊት የላቸውም፤ ጎንና ጎናቸውን እንደ ጣሪያ ቆርቆሮ የተደራረበ የአጥንት ጥሩር ነው የሚለብሱት። ለዚህ ጥሩሩ ሲል ዓሣውን «ኮሎኔል» አለው። ከዚያ ጥሩሩን አየ፣ ጢም ያየ መሰለው፣ መጽሐፉን አገላበጠ፣ ፈረደ። ኮሪዶራስ የሚባለው ዘር ነው! ስሙንም በትልልቅ ፊደል ጽፎ መስታወቱ ላይ ለጠፈ።

እርግጥ አንድ ነገር አልገጥም ብሎት ነበር። መጽሐፉ እንደሚለው ኮሪዶራስ ቀኑን ሙሉ አሸዋ ሲቆፍር ይውላል፤ ትል ይወዳል። ኮሎኔል ግን አሸዋውን ከነመኖሩም የሚያውቅ አይመስልም፤ አፉን መስታወቱ ላይ ለጥፎ ነው የሚውለው። ኣስገዶም ለዚህም መልስ አላጣም።

«እየሳመኝ ነው» አለ። «አስተዳደጉ ጥሩ ነው፤ እንደ ሌሎቹ መሬት አይጭርም።»

ከዚያ ጉንጩን ከውጭ አስጠግቶ ይሳማል። ሽማግሌ ሰውዬ እኮ ነው!

ገብረመድህን ባይመጣ ኖሮ ነገሩ እዚያው ይቀር ነበር። ገብረመድህን እዚያው ሁርሊንግሃም ምግብ ቤት ያለው፣ ከኣስገዶም ጋር አንድ ማኅበር የሚጠጣ፣ ሳይከራከረው አግኝቶት የማያውቅ የልብ ወዳጁ ነው። ገንዳው ላይ ጎንበስ ብሎ አየና፣

«ይሄማ ኦሜና ነው» አለ። ኦሜና ከቪክቶሪያ ሐይቅ ወጥቶ፣ ፀሐይ ላይ ደርቆ፣ ገበያ ውስጥ በጣሳ እየተሰፈረ የሚሸጠው ደቃቃ ዓሣ ነው።

«ምን አልክ?»

«ኦሜና! ስንት ጣሳ ሰፈሩልህ?»

የኣስገዶም ደም ፈላ። «አንተ ዓሣ የምታውቀው ተጠብሶ ሳህን ላይ ሲመጣ ነው! ይሄ ኮሪዶራስ ነው!»

አንዱ ኮሪዶራስ ሲል ሌላው ኦሜና ሲል ሻዩ ቀዘቀዘ። በመጨረሻ ተወራረዱ። የዳግማይ ትንሣኤ ዕለት ማኅበሩ የሚጠጣው ኣስገዶም ቤት ነው። ያን ቀን የኣስገዶም ልጅ ዮሳን፣ ላቪንግተን አንድ ትምህርት ቤት ባዮሎጂ የምታስተምረው፣ ዳኛ ሆና ዓሣውን ታያለች፤ ከዚያ በፊት ዝር እንዳትል፣ አባቷ እንዳያባብላት። የተሳሳተ ሰው ማኅበርተኛው ሁሉ ፊት ይቆምና «አላውቅም» ይላል።

«ሌላ ቅጣት የለም?» አለ ኣስገዶም ፊቱ ገርጥቶ።

«የለም» አለ ገብረመድህን እጁን እያፋተገ። «አንተን ይቺ ናት የምታምህ።»

ወዲያው ጾሙ ገባ። ጽገወይኒ በጾም ቀልድ አታውቅም፤ እሷ ቤት ድመቷ እንኳ በሁዳዴ ሽሮ ነው የምትልሰው። ኣስገዶም የደረቀ ትል በቆርቆሮ ይዞ ወደ ገንዳው ሲሄድ ስታየው ቆርቆሮውን ከእጁ ነጥቃ ቁምሳጥን ውስጥ ቆለፈችበት።

«ዓሣ ይጾማል እንዴ፣ አንቺ ሴትዮ?»

«ከእኔ ጣሪያ ሥር የሚያድር ሁሉ ይጾማል። ካልፈለገ ውጭ ይደር!»

ይልቅ ለራሷ ከምትሠራው ሱኩማ ዊኪ፣ ከናይሮቢው ጎመን፣ አንድ አንድ ቅጠል ያለ ጨው ያለ ዘይት እየቀቀለች ገንዳው ውስጥ ትጥልለት ጀመር። አንዳንዴም ቁራጭ ዝኩኒ ትመርቅለታለች። ታዲያ ኮሎኔል ይከሳል ሲባል ፋፋ! ሆዱ ድብልብል አለ፣ መስታወቱን ከላይ እስከ ታች እየሳመ ይንሸራሸር ጀመር። ኣስገዶም ምስጋናውን ለራሱ ወሰደ። «አያያዝ ነው» ይላል ለመጣው ሁሉ።

ፋሲካ ደረሰ። ሰው ሁሉ ሲፈስክ ኮሎኔል ለምን ይቅርበት ብሎ ኣስገዶም ቁምሳጥኑን አስከፈተና ትሉን በእፍኙ በተነለት። ኮሎኔል ዞር ብሎም አላየው። በማግሥቱም አላየው። ኣስገዶም ውሃውን ቀየረ፣ ሌላ ትል ጨመረ፣ ለመነው፣ ተቆጣው። ምንም! ቀን በቀን ሆዱ እየተሰበሰበ ሄደ፤ መስታወት መሳሙንም ተወና አሸዋው ላይ ተጋደመ። ኣስገዶም ከገንዳው አልለይ አለ። የበዓሉ ዶሮ እንኳ አልዋጥልህ አለው። ለወሬ ብሎ የገዛው ዓሣ ሳያስበው ቤተሰብ ሆኖበት ኖሯል።

ዓርብ ጠዋት ኩሽና ገባ።

«ጽገ፣ እስቲ ያቺን ሱኩማ ትንሽ ቀቅዪለት።»

ጽገወይኒ ጭልፋዋን ይዛ ዞረች። «በበዓለ ሃምሳ? ጌታ ተነሥቶ፣ እስከ ጰራቅሊጦስ ረቡዕና ዓርብ እንኳ አይጾምም ተብለን፣ አንተ ዓሣውን ልታስጾመው ነው? ነውር አይደለም እንዴ!»

«እየሞተብኝ ነው እኮ!»

«ትል ይበላ። ኮሪዶራስ ትል ነው የሚበላው ያልከኝ አንተ ነህ፤ ስሙንም ለጥፈህበታል። ኮሪዶራስ ከሆነ ቅጠል መስጠት ማስጾም ነው፤ እኔ በዚህ ኃጢአት ውስጥ የለሁበትም። ኮሪዶራስ ካልሆነ ደግሞ ንገረኝ።»

ኣስገዶም ወጥመድ ውስጥ መግባቱ ገባው። ዓሣው በተፈጥሮው ቅጠል በል ከሆነ ሱኩማው ጾሙ ሳይሆን ፍስኩ ነው። ያን ለማለት ግን ሁለት ወር የተከራከረለትን ስም በገዛ አፉ ማፍረስ አለበት። ሳሎን ተመልሶ ኮሎኔልን አየው። ኮሎኔል ክንፉን እንኳ አላነቃነቀም። ኣስገዶም ወረቀቱን ከመስታወቱ ላይ ላጠው፣ ጨመደደው፣ ኩሽና ተመለሰ።

«ኮሪዶራስ አይደለም» አለ ማቀዝቀዣውን እያየ።

«ታዲያ ምንድን ነው?»

አፉን ከፈተ። አንድ ስም ፈጥሮ ሊነግራት ዳድቶት ነበር፤ ግን ያ ምስኪን አሸዋው ላይ መጋደሙ ትዝ አለው።

«አላውቅም።»

ጭልፋው ከጽገወይኒ እጅ ወደቀ። ቀረብ ብላ በመዳፏ ግንባሩን ዳሰሰችው፤ ትኩሳት የለውም።

«እስቲ ድገመው» አለች ቀስ ብላ።

«ሴትዮ፣ ቅጠሉን ቀቅዪ!»

ቀቀለች። ኮሎኔልም እስከ ማታ ቅጠሉ ላይ ተለጥፎ ዋለ።

እሑድ ማኅበርተኛው ሳሎኑን ሞላው። ገብረመድህን አዲስ ሸሚዝ ለብሶ ከሁሉ ፊት ተቀምጧል። ዮሳን ገንዳው አጠገብ ተንበርክካ አየች፤ ብዙም አልፈጀባት።

«ባባ፣ ሲሪየስሊ? ይሄ እኮ ኮሪዶራስ አይደለም፤ ኦቶሲንክለስ ነው። ካትፊሽ ነው፣ ከሳውዝ አሜሪካ ነው፣ ጥሩሩም አለው፣ ግን አፉን እየው፤ እንደ ቬንቱዛ መጥጦ የሚለጠፍ ነው። ቅጠልና መስታወት ላይ የሚይዝ አረንጓዴ አልጌ ነው የሚበላው።»

«ሲስመኝ የከረመውስ?»

«እየሳመህ አይደለም፣ ባባ። መስታወቱን እየላሰ ነው። ገንዳህ ቆሻሻ ነው ማለት ነው።»

ይቺ ከሁሉም በላይ አመመችው።

«ቁም!» አለ ገብረመድህን እያጨበጨበ። «ተነስ፣ ቁምና በላት!»

ኣስገዶም ተነሣ። ኮቱን ቆለፈና «አላውቅም» አለ፣ ደህና ዋላችሁ እንደሚል ሰው ጥርት አድርጎ። «እኔ ኮሪዶራስ መስሎኝ ነበር። አላውቅም ነበር።» አንዲት እናት በስመ አብ ብለው አማተቡ። ገብረመድህን ሳቁ አፉ ላይ ቀረ፤ ሲያልም የከረመው እንዲህ በቀላሉ የምትወጣ «አላውቅም» አልነበረም።

«ጋሼ ገብረመድህን» አለች ዮሳን፣ «ኦሜናም እኮ አይደለም።»

«እንዴ! እኔ ኦሜና ስል... በቁመቱ ማለቴ...»

«ቁም!» አለ ቤቱ በሙሉ።

ገብረመድህን ቆመ። «አ...» አለ። ጉሮሮውን ጠረገ። «አላ...» አለና አንገቱ እስኪቀላ ታገለ። ውሃ ሰጡት፤ ጠጣ። «አላ...» አሁንም የለም።

ኣስገዶም ሄዶ ትከሻውን አቀፈው። «አይዞህ፣ የመጀመሪያዋ ናት የምትከብደው። ና፣ ኩሽና እንግባ፤ ለእኔም የወጣችልኝ እዚያ ነው።»

ጽገወይኒ በሩን ከፍታ፣ ጭልፋዋን እንደያዘች ጠበቀቻቸው።

«ግባ» አለችው ገብረመድህንን። «ይሄን ባሌን ዕድሜዬን ሙሉ ጠብቄዋለሁ፤ አንተን እስከ ጰራቅሊጦስ እታገሥሃለሁ።»