የተፋቁት የሌሊት ወፎች

ዩን ቾይ በካንቶን ከተማ ዛጎል እየቀረጸ የሚተዳደር ሰው ነበር። የባሕር ማዶ ባለጸጎች ካርታ ሲጫወቱ ነጥብ የሚይዙባቸውን፣ እንደ ጨረቃ የሚያበሩ ስስ ቁራጮች ይሠራል። በዚያ የብርድ ወር ለአንድ እንግሊዛዊ የመርከብ አዛዥ የሰውየውን የቤተሰብ ዓርማ መሃል ላይ፣ የሌሊት ወፎችን ደግሞ በየጠርዙ ቀረጸለት። በአገሩ ቋንቋ የሌሊት ወፍና መልካም ዕድል አንድ ዓይነት ድምፅ አላቸው፤ መመረቁ ነበር።

ሥራውን ለፈረንጆች የሚሸጥለት ነጋዴ ፑን ግን የቁራጮቹን ሳጥን መልሶ አመጣው።

«ፈረንጁ ወፎቹን ሲያይ ፊቱ ጠቆረ። እነሱ ዘንድ የመቃብር አውሬ ነው አሉ። ፋቃቸውና አበባ አድርግበት።»

«ጌታዬ፣ ልጄን ፈንጣጣ ይዟታል። ጥቂት ቀን ቢታገሡኝ?»

«እኔስ ልታገሥ፤ መርከቡን የሚወስደውን ነፋስ ማን ይለምንልሃል?»

ፑን ሲወጣ ዩን ቾይ መፋቂያውን አነሣ። ሚስቱ ሲውላን ከልጂቱ ከአህ ሊን ራስጌ ብድግ አለች።

«ልጅህ በትኩሳት እየነደደች አንተ እዚሁ ቤት ዕድል ትፍቃለህ?»

«ዛጎል እኮ ነው፣ አንቺ ሴት! ዛጎል ዕድል አይሰጥ፣ አይነሳ።»

«ስትቀርጸው እንዲህ አላልክም። ‹ይቺ ለአህ ሊን ትሁን› እያልክ ስትስቅ ነበር።»

ጎንበስ ብሎ መፋቅ ጀመረ። እሷም መድኃኒት ልታመጣ ወጣች።

ነጩ ብናኝ ጉልበቱ ላይ ይረግፋል። ከመጋረጃው ወዲያ አህ ሊን «አባ፣ ውሃ» አለች።

«መጣሁ የኔ እናት፣ ይቺን ልጨርስ።»

አንዷን ጨርሶ ሌላዋን ያዘ። ዳግመኛ ጠራችው። ከዚያ ዝም አለች። እንቅልፍ ወሰዳት ብሎ ደስ አለው።

ሲውላን ቅጠሉን ይዛ ስትገባ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገ። «ቀስ በይ፣ ተኝታለች።»

መጋረጃውን ገለጠች። ጩኸቷ ጎረቤቱን ሁሉ አስወጣ።

ከቀብሩ በኋላ፣ ቁራጮቹን ለአዛዡ ያስረከበው ፑን እየሳቀ ብቅ አለ። «ፈረንጁ አበባዎቹን እንዴት እንደወደዳቸው ብታይ!» የሁለቱን ፊት ሲያይ ሳቁን ዋጠ፤ ሹልክ ብሎ ወጣ።

ሲውላን ልብሷን ትቋጥር ጀመር።

«የምትሄጂው በወፎቹ ምክንያት ነው?» አላት ዩን ቾይ።

«ወፎቹን ተዋቸው። ስወጣ ነቅታ ነበር። ምንም አላለችህም?»

መዋሸት ይችል ነበር።

«ውሃ ብላኝ ነበር» አለ።

ቋጠሮዋን አጠበቀች። ወንድሟ በጀልባው ይጠብቃት ነበርና ወደ ወንዙ ወረደች። ዩን ቾይ ባዶ እጁን እያንጠለጠለ እስከ ዳር ተከተላት። ዘወር ብላ አላየችውም፤ ወንድሟም መቅዘፊያውን አነሣ።