የቁልፍ ጣሳ

የልጄ ልጅ አራት ዓመቷ ነው። ቤት ውስጥ «ፌንጣ» ይሏታል፤ ብለውም ይስቃሉ። የመዋዕለ ሕፃናቱ አስተማሪ ግን አልሳቀችም። «ሰኞ አያታለሁ። አሥር ደቂቃ አንድ ነገር ላይ ካልቆየች አልቀበላትም» አለች። ካልተቀበለቻት እናቷ ሥራዋን ትታ ቤት ልትውል ነው።

አባቷ መላ አገኘሁ ብሎ ስልኩን ሰጣት። ልጅቷ አፏን ከፍታ፣ ለሃጯ ደረቷ ላይ እየወረደ፣ ሙዝ በነካካው ጣቷ መስታወቱን ትጠርጋለች። አንዱን ቪዲዮ አይታ ሳትጨርስ ወደ ሌላው። ቀፈፈኝ።

«ይኸው አባባ፣ ሰዓት ሙሉ ተቀመጠች» አለኝ አማቼ።

«ተቀመጠች? ተጎለተች እንጂ።»

ልብስ ሰፊ ነኝ። የቁልፍ ጣሳዬን ከስፌት መኪናዬ አጠገብ ጨርቅ ላይ ደፋሁላት። «ባለ አራት ቀዳዳውን ወዲህ፣ ባለ ሁለቱን ወዲያ» አልኳት።

ጊዜውን በስፌት ነው የለካሁት። ሐሙስ አንድ ኪስ ሳልጨርስ ተነሳች። ዓርብ አንድ እጅጌ አስጨረሰችኝ። ቅዳሜ ምላሷን አውጥታ፣ ትንፋሿን ውጣ ቁልፎቹ ላይ ቀረች። የሱሪውን አንድ እግር ጨረስኩ።

እናቷ ገባች። «የኔ ጎበዝ፣ የኔ አንበሳ» እያለች ጉንጯን አገላብጣ ሳመቻት። ልጅቷ ተነሳች። መልሼ አስቀመጥኳት። አባቷ ስልኩን ደቅኖ መጣ። «ፌንጣዬ፣ ወደዚህ እዪ፣ ሳቅ በዪ።» ተነሳች። ደግሜ አስቀመጥኳት። «ውሃ ጠማሽ?» «ሽንትሽ መጣ?» ዓይኗ ከአንዳቸው ወደ ሌላቸው ይዘላል፤ ልክ ስልኩ ላይ እንደነበረው። አንገሸገሹኝ።

«እናንተ ናችሁ የምታዘልሏት። ውጡ።»

«አባዬ፣ ማበረታታት እኮ ነው» አለች ልጄ።

«በሩን ዝጊው።»

ወጡ። ልጅቷ አንዱን ባለ ሁለት ቀዳዳ ከባለ አራቶቹ ጋር ቀላቀለችው። እጄ ሊያርም ሄደ።

«ተወኝ፣ አልጨረስኩም» አለችኝ ቀና ሳትል።

እጄን ሰበሰብኩ። የገዛ እጄም አስጠላኝ። ሁለተኛውን እግር ሰፍቼ ስጨርስ፣ የተሳሳተችውን ቁልፍ ራሷ አግኝታ ወደ ቦታው መለሰችው።

ሰኞ አስተማሪዋ ትንንሽ የእንጨት ቅርጾች ሰጥታ በየመልካቸው ለዪ አለቻት። እኔ በሩ አጠገብ ቆምኩ፤ እናቷ ጥፍሯን ትበላለች። ስድስተኛው ደቂቃ ላይ አስተማሪዋ አጨበጨበች። «ጎበዝ ልጅ፣ ጎበዝ።» እናቷ ዓይኗን ጨፈነች።

«ተይኝ፣ አልጨረስኩም» አለች ልጅቷ ቀና ሳትል።

አስተማሪዋ እጇን የምታደርግበት ጠፋት። ሩብ ሰዓት ቆማ ጠበቀች። ልጅቷ ስትጨርስ፣ «ከነገ ጀምሮ ይዛችኋት ኑ» አለች።

አማቼ ደጅ ላይ ስልኩን አውጥቶ ይጠብቅ ነበር።

«ፌንጣዬ፣ እስቲ ሳቂ።»

እጇን ይዤ በአጠገቡ አለፍኩ።