ከግራሩ በፊት ውረዱ

ዙለይሃ ከሻርጃ ስትመለስ ጎረቤቱ ወርቅ ሲጠብቅ እሷ አምስት ያገለገሉ ሳይክሎች በአይሱዙ አስጭና ሐይቅ ከተማ ገባች። ስምንት ዓመት ሰው ቤት ሠርታ ያተረፈችው ይኸው ነው። ተሳቀባት፤ እሷም አብራ ሳቀች።

እዚያ አገር ሳለች በየጁምዓው ጠዋት የቤቱን ልጆች ተከትላ ጀማሪዎች ሳይክል የሚለማመዱበት አሸዋማ ሜዳ ትሄድ ነበር። ልጆቹ ሲደክማቸው እሷ ትነዳለች። በሳምንቱ ውስጥ ደረቷ ሞልቶ የምትተነፍሰው ያኔ ብቻ ነበር። እና አንድ ቀን፣ «ይኼ በረሃ እኮ ከአምባሰል ግርጌም አለ!» አለች ለራሷ።

እውነቷን ነው። ከሐይቁ በስተጀርባ ጉብታውን ሲያልፉ አገሩ ይደርቃል፤ ግራር፣ ቁልቋልና እሬት ብቻ ይቀራል። ሽኮኮዎች ቋጥኝ ላይ ፀሐይ ይሞቃሉ፤ ጅግራ ከእግር ሥር ቱር ትላለች። ዙለይሃ እዚያ ሁለት ወር ሙሉ ድንጋይ ለቀመች፣ እሾህ ጠረገች፣ እስከ ደረቁ ወንዝ አሸዋ ድረስ ለጀማሪ የሚሆን የሳይክል መንገድ አወጣች። ሥራው ከያዘላት ሐይቁን ሊያይ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እያስነዳች አገሯ ትኖራለች። ካልያዘላት ደላላው የሻርጃ ቪዛዋን ጨርሶላታል፤ ሐሙስ ትበራለች። ሰው ቤት ከመመለስ ድንጋይ መልቀሙን ትመርጣለች።

መንገዱ በሐጂ ባድሩ መሬት ያልፋል። ሐጂ ጠዋት ጠዋት ከሁለት ሽማግሌዎች ጋር ከትልቁ ግራር ሥር ተቀምጠው የተጣላ ያስታርቃሉ። በዚያ ግራር ፊት በበቅሎ ላይ ሆኖ ያለፈ ሰው የለም፤ ወርዶ፣ ሰላምታ ሰጥቶ፣ እየጎተተ ነው የሚያልፈው።

«ሳይክልም ያው በቅሎ ነው» አሏት ሐጂ። «የሚወርድ ይለፍ። አንድ ሰው ሳይወርድ ያለፈ ቀን ግን መንገዱ ይዘጋል።»

«ቃሌ ነው፣ ሐጂ።»

ቅዳሜ ማለዳ አራት ጀማሪ ሴቶች መጡ። ሦስቱ እየተንገዳገዱም ቢሆን ከግራሩ በፊት ወረዱ። አራተኛዋ ነጅዋ የምትባል ልብስ ሰፊ ነበረች፤ ሳይክል ላይ ስትወጣ ገና ሁለተኛ ቀኗ ነው። የመጨረሻው ቁልቁለት ላይ ፍሬኑን ረስታ ሁለት እግሯን አንሥታ፣ «ሐጂ፣ አፉ በሉኝ!» እያለች በሽማግሌዎቹ ፊት ሽው ብላ አለፈችና አሸዋው ላይ ቁጭ አለች። አንድም ነገር አልሆነችም።

ሐጂ ባድሩ አልተቆጡም። ተነሥተው ምርኩዛቸውን በመንገዱ ላይ አጋደሙት።

ዙለይሃ እንባዋ መጣ። ለልመና ግን አፏ አልተከፈተም፤ ከተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ ሲባል ሰምታ ያደገች ልጅ ናት። «ልክ ነዎት ሐጂ፤ ቃሌን አልጠበቅሁም» አለችና ሳይክሎቹን መሰብሰብ ጀመረች።

ሐጂ ወደ ነጅዋ ዞሩ። «ምነው ሳትወርጂ?»

«ወላሂ ልወርድ ነበር ሐጂ! መሬቱ እንቢ አለኝ።»

ይህን ጊዜ ምርኩዛቸውን አነሡና ቁልቁለቱን ቀስ ብለው ወጡት። ዙለይሃ ተከተለቻቸው። አናቱ ላይ ቆመው ወደ ታች ሲያዩ ቆዩ።

«ለጀማሪ ብለሽ የጠረግሽው ይኼን ነው?»

«አዎ። ቀጥ ያለ ስለሆነ ይቀላቸዋል ብዬ ነው።»

«ቀጥ ያለውማ ይጥላል እንጂ! ሠላሳ ዓመት ከባቲ ገበያ በአህያ ስመላለስ እዚህ ጋ ጭነት ይዞ መቆም የቻለ አህያ አላየሁም።» የእሬቱን ቁጥቋጦ በምርኩዛቸው ገለጥ አደረጉት። ከሥሩ ኮቴ ያለሰለሰው ድንጋይ ብቅ አለ፤ ሁለት ጊዜ ዞር ዞር ብሎ ወደ ግራሩ የሚወርድ የድሮ የአህያ መንገድ። «ጥፋቱ የልጅቱ አይደለም፤ የመንገዱ ነው። አብሽሪ፣ መጥረጊያሽን አምጪ።»

ሴቶቹ ሁሉ ተረባረቡበት፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ አለቀ። ሐጂ ተመልሰው ቦታቸው ተቀመጡ።

ነጅዋ እንደገና ወጣች። አንዱን ዞረች፣ ሁለተኛውን ዞረች፣ ከግራሩ አሥር እርምጃ ሲቀራት ቆመችና ወረደች። «አሰላሙ ዓለይኩም» ስትል ሽማግሌዎቹ ሳቃቸውን መያዝ አቃታቸው።

ዙለይሃ መጨረሻ መጣች። እሷም ወርዳ፣ ሳይክሏን እየገፋች፣ ጎንበስ ብላ እጅ ነሣች።

«ኖር!» አሉ ሐጂ ባድሩ፣ ምርኩዛቸውን ተደግፈው ብድግ እያሉ። ሁለቱም ሽማግሌዎች አብረው ተነሡ።

ዙለይሃ ደርቃ ቀረች። ስምንት ዓመት ሰው በገባ ቁጥር የምትነሣው፣ ሰው እስኪጠግብ የምትቆመው እሷ ነበረች። ለእሷ የተነሣ ሰው አልነበረም።

«በአላህ፣ ሐጂ፤ በአላህ ይቀመጡ» አለች። ኪሷ ውስጥ የደላላው ስልክ ይጮኻል፤ አላነሣችውም።

ሐጂ አጠገባቸው ያለውን ድንጋይ በምርኩዛቸው አሳዩዋት፤ እሷ እስክትቀመጥም አልተቀመጡም።