በሶ ምግብ ነው እንዴ

የሰው ገላ የሕዝብ ጉዳይ ነው ብሎ የወሰነው ማን እንደሆነ ባውቅ ደስ ይለኛል፤ የምነግረው አለኝ። ባሌ በለጠ እዚህ ሱዳን፣ ካላክላ ገበያ ውስጥ የአልሙኒየም በርና መስኮት ይሠራል። ከሱቁ እስከ ቤታችን ያለው መንገድ አጭር ነው፤ እዚያች አጭር መንገድ ላይ ስለ ክሳቱ አስተያየት ሳይሰጡት የሚያልፉ ሰዎች የሉም። "ምነው፣ አታበላህም እንዴ?" ይሉታል። የማታበላው የተባልኩት እኔ ናርዶስ ነኝ።

ሕመሙ ስም አለው፤ ሴሊያክ ይባላል። ሶባ ሆስፒታል የሚሠራ ሐኪም በጉሮሮው ካሜራ አስገብቶ አንጀቱን ካየ በኋላ በደንብ አስረድቶናል። ስንዴ፣ ገብስና አጃ ውስጥ ያለ ግሉተን የሚባል ነገር አንጀቱን ያቆስለዋል፤ የቆሰለ አንጀት ደግሞ የበሉትን አይቀበልም። ክርኑና ጉልበቱ ላይ የሚወጡት ውሃ የቋጠሩ ሽፍታዎችም ከዚያው የመጡ ናቸው። ወደ ሰው አይተላለፍም። መድኃኒቱ እነዚያን እህሎች መተው ነው፤ ለዘለዓለም።

እኛም ተውን። ዳቦ ከቤታችን ወጣ። ማሽላ፣ ሩዝ፣ ያለ ዳቦ በማንኪያ የሚበላ ፉል ገባ። ኪስራ የሚባለውን ስስ የማሽላ እንጀራ የምትጋግርልንን ሱዳናዊት ጎረቤታችንን ጦይባን ማሽላው ላይ ስንዴ ጣል እንዳታደርግበት "ወላሂ" አሰኝቻታለሁ። ከተማው ዳቦ ቤት ፊት ተሰልፎ ሲውል እኛ ሰልፍ የሚባል ነገር አናውቅም ነበር፤ ይህንን እንደ ጸጋ እቆጥረዋለሁ።

ሆዱ ረገብ አለ። ሥጋው ግን አልተመለሰም፤ ሽፍታውም አልጠፋም። በቀን መስኮት ይለካል፣ ሌሊት ክርኑን ያካል። ሁለት ዓመት እንዲህ ሆነ። ሐኪሙ "ከአንድ ቦታ እየገባ ነው፤ ፈልጉ" አለን። ፈለግኩ። በርበሬውን፣ ቅመሙን፣ ጨውን ሳይቀር መረመርኩ። ጦይባን እንደገና ስጠይቃት ልትጣላኝ ምንም አልቀራት።

ሰው ግን ሐኪም አያስፈልገውም። አንዱ ምች ነው አለ፤ ሌላው አልማዝ ባለጭራ ነው አለ። ዴም ሰፈር ምግብ ቤት ውስጥ ያገኘችኝ አንዲት ሴት ደግሞ ድምጿን ዝቅ አድርጋ "ለመሆኑ ተመርምሯል?" አለችኝ።

"አዎ" አልኳት። "አንቺስ?"

ከዚያ ወዲህ ሰላም አንባባልም። ምንም አልጎደለብኝም።

ከፋሲካ በኋላ የበለጠ እናት ከጋይንት ተነሥተው በመተማና በገዳሪፍ አድርገው መጡ። እቴቴ ዝናሽ ይባላሉ። የመጡት ሊጠይቁን መስሎን ነበር። እግራቸውን እንኳ ሳይታጠቡ የልጃቸውን እጅጌ ጠቀለሉት።

"ይኼ ምንድን ነው?"

"ሽፍታ ነው እማዬ፤ ይሻለኛል" አለ በለጠ።

"ሁለት ዓመት ሙሉ ይሻለኛል።" ወደ እኔ ዞሩ። "ልጄን ሥጋ ለብሶ ነው የሰጠሁሽ። አሁን እንደምታይው ነው። እኔ አልጣላሽም። ይዤው እሄዳለሁ። ጠበል ይጠመቃል፣ ከእናቱ ቤት ይበላል፣ ሲድን ይመለሳል።"

ሲድን ይመለሳል የተባሉ ሰዎችን አውቃለሁ፤ ሲመለሱ ግን አላየሁም። ከሱዳን ከወጣ ኢቃማው፣ የመኖሪያ ፈቃዱ፣ ይቃጠላል፤ ሱቁን የሚጠብቅ ሌላ ተከራይ ሞልቷል። እኔ ደግሞ እዚህ ትምህርት ቤት የማስተምር ሰው ነኝ፤ ጥዬ ልከተለው አልችልም። ባሌን ላጣው ነው ማለት ነው። በለጠ ደግሞ እናቱን እምቢ ብሎ አያውቅም። እምቢ የሚለው እኔን ነው።

ስለዚህ ተከራከርኩ። የአንጀት ሥዕል ሥዬ አሳየኋቸው። ስንዴ፣ ገብስና አጃ እንዴት እንደሚያቆስሉት አንድ በአንድ ተናገርኩ። እቴቴ እንደ ራዲዮ ሰሙኝ።

"በአባቱም በአያቱም ቤት እህል ሲበላ ነው የኖረ" አሉ። "ማንም ቆሰልሁ አላለም።"

"እሱ ግን ቆስሏል። አሁን እዚህ ቤት ብትፈትሹ አንዲት ፍሬ ስንዴ አታገኙም።"

"ታዲያ ካልበላ ለምን አልዳነም?"

የሚያናድድ ጥያቄ ነበር፤ ምክንያቱም ትክክል ነበር።

እቴቴ ያሸነፉ መሰላቸውና ረጋ አሉ። ከሻንጣቸው አፉ የታሰረ ከረጢት አውጥተው ጠረጴዛው ላይ አኖሩ። "በሉ እስክንሄድ ይችን እየጠጣ ይቆይ" አሉ። "የላክሁለት በሶ ባይኖር ይኼን ጊዜ አንድ ቀንም አይውል። በየጠዋቱ እጠጣለሁ ሲለኝ ነው ልቤ የሚያርፍ።"

በለጠ ራሱ የሠራውን መስኮት ገና ዛሬ ያየው ይመስል መመልከት ጀመረ።

"በለጠ" አልኩት።

"አቤት።"

"ያን የሚላከውን በሶ ሱቅ ለሚሠሩት ልጆች ሰጠሁ አላልከኝም?"

"ሰጥቻለሁ።" ጉሮሮውን ጠረገ። "አብረን ነው የምንጠጣው። ጠዋት ጠዋት፣ ስኳር ጨምረን።"

"ሐኪሙ ምን ምን ትበላለህ ሲልህ ለምን አልነገርከውም?"

"የምትበላውን ንገረኝ ነዋ ያለኝ። በሶ ምግብ ነው እንዴ?"

አንድ ዓረፍተ ነገር ምላሴ ላይ ደረሰ። ልጅዎን ሥጋ ያሳጣው የእርስዎ በሶ ነው። አጭር ነው፣ እውነት ነው፣ ጎራዴም እንዲህ አይቆርጥም። እንዲህ ያለ መሣሪያ እጄ ገብቶ ሳልጠቀምበት የቀረሁበትን ቀን አላስታውስም። ደግነት አልነበረም ያዘገየኝ፤ የእቴቴ እጅ ነው። ከረጢቱን ፈትተው ሊያሳዩኝ ጀምረው ነበር፤ ጣቶቻቸው ቋጠሮው ላይ ቆሙ።

"ቅድም ገብስም አላልሽም?" አሉኝ።

"ብያለሁ።"

"ስንዴ፣ ገብስና አጃ።"

"አዎ እቴቴ።"

ከረጢቱን መልሰው አሰሩት። ያለቅሳሉ ብዬ ፈራሁ። እሳቸው ግን ወደ ልጃቸው ዞሩ።

"አንተ፣ ና ወዲህ። በሶ ከምን እንደሚሠራ አታውቅም?"

"አውቃለሁ እማዬ፣ ግን..."

"ግን ምን? ገብስ ስታጭድ አይደል ያደግኸው? እኔ እዚያ እቆላለሁ፣ እሷ እዚህ ጨው ሳይቀር ትመረምራለች፣ አንተ መሃል ቁጭ ብለህ በስኳር ትጠጣለህ።"

"የአንጀቱን ሥዕል እኮ ለእሱም ሥዬለታለሁ" አልኩ።

"ሥላልህ ነበር?"

"ሥላልኝ ነበር።"

ከዚያ ሁለታችንም ወረድንበት። እቴቴ ከልጅነቱ ጀምሮ ያልሰማቸውን ነገሮች ሲዘረዝሩ እኔ ከሠርጋችን ወዲህ ያሉትን ጨመርኩ። በለጠ የማሽላ ገንፎውን አቅርቦ መብላት ጀመረ። "አንድ ለአንድ ነበር የለመድኩት" አለ፤ ፊቱ ላይ ግን ጭንቀት አልነበረም።

ሲበቃቸው እቴቴ ፍርድ ሰጡ። "እስከ ሰኔ ሚካኤል እቆያለሁ። ያለ በሶ እናየዋለን። ለውጥ ከሌለ ይዤው እሄዳለሁ፤ ያን ጊዜ የአንጀት ሥዕል እንዳታሳዪኝ።"

በሶውን በማግስቱ ለሱቁ ልጆች ሰጡት። ከዚያ ቤቱን ተረከቡት። የጦይባን "ወላሂ" አላመኑም፤ ኪስራ ስትጋግር አጠገቧ ዱካ ስበው ይቀመጡ ነበር። የጋራ ቋንቋ የላቸውም። እቴቴ "ስንዴ" እያሉ ጣታቸውን ሲያወዛውዙ ጦይባ በዐረብኛ "ላ፣ ላ፣ ያ ሐጃ"፣ የለም እማማ፣ ትላቸዋለች። ረመዳን ሲገባ ጦይባ በየምሽቱ "ሁሉ-ሙር" የሚባል ከማሽላ የተሠራ የጾም መፍቻ መጠጥ በጆግ ትልክልን ጀመር፤ እቴቴ አስቀድመው ካልቀመሱት በለጠ አይነካውም።

ሥጋው ተመለሰ ብዬ አልዋሽም። ጉንጩ ግን ሞላ አለ፤ ቀበቶውንም አላላ። መንገድ ላይ ያሉት አስተያየት ሰጪዎች አሁን "ምነው ወፈርክ፣ ዕቃ ተወደደ ስትል አልነበር?" ይሉት ጀመር። ቆዳው ግን ግትር ነው። ሐኪሙ ሽፍታው ከሆድ ዘግይቶ እንደሚድን፣ ከዓመት በላይ ሊወስድ እንደሚችል ነግሮናል። እኔ ይህንን ተቀብያለሁ፤ እቴቴ መቀበላቸውን ግን እርግጠኛ አልነበርኩም።

የሰኔ ሚካኤል ዋዜማ ቁርስ ላይ እጅጌውን ጠቀለሉት። ክርኑ ላይ አዲስ ሽፍታ ወጥቷል።

"አልዳነም" አሉ።

"አልዳነም" አልኩ። ዐይናቸው እያየ ምን ልበል?

ክርኑን እያገላበጡ ብዙ ቆዩ። "ትናንት ሲያክ ሰምተሽዋል?"

"አልሰማሁም።"

"ከትናንት ወዲያስ?"

"ኧረ አልሰማሁም።"

"እኔም አልሰማሁም። እኔ ደግሞ አይጥ ስታልፍ የምነቃ ነኝ።" እጅጌውን መልሰው ዘረጉለት። "እንግዲህ ክረምቱ ሳይጠነክር ልግባ።"

"እሱስ?" አልኩ።

"እሱማ ሥራ አለው" አሉ፤ ሻይ ቅጅልኝ እንደማለት።

መስከረም ላይ ከጋይንት የመጣ ሰው አንድ ከረጢት አደረሰልን። ከፈትኩት፤ ተቆልቶ የተፈጨ ሽምብራ ነው። ለምስጋና ደወልኩ፤ በለጠም እንዲሰማ ድምፁን ከፍ አደረግኩት። ግን እኔ ማመስገን ብቻ አልችልበትም።

"እቴቴ፣ እግዜር ይስጥልን። ብቻ፣ ወፍጮው ከዚያ በፊት ገብስ ፈጭቶ ከሆነ..."

በለጠ ራሱን ያዘ።

"እኔን ምን አድርገሽ ነው የምታይኝ?" አሉ እቴቴ። "ቆሜ ነው ያስጠረግሁት። መጀመሪያ የወረደውን ዱቄት ለዶሮ አስደፋሁት። ባለወፍጮው ሀይሉ 'ሴትዮዋ ምን ነካት' ቢል፣ አንጀት ምን እንደሚመስል መሬት ላይ ሥዬ አሳየሁት። እስካሁን ሰላም አይለኝም።"

"ምንም አልጎደለብዎትም" አልኳቸው።

በለጠ እየሳቀ ክርኑን ማከክ ጀመረ።

"አትከክ" አልነው፤ እኔ አጠገቡ ሆኜ፣ እሳቸው ከስልኩ ውስጥ።