ዘግይቶ የተኮሰ መድፍ

የሚስቴ ወንድም እኔ የማዘው መድፍ ላይ ሲመደብ ባለቤቴ ደስታዋን አልቻለችውም። "ከአንተ ጋር ከሆነስ እንቅልፍ ይወስደኛል" አለች። እሷ ትተኛለች፤ እንቅልፍ ያጣሁት እኔ ነኝ።

ሥራችን ከሩቅ ሲያዩት ጀግንነት ይመስላል እንጂ የሸክም ሥራ ነው። አጉራሹ ጥይቱን እንደ ሕፃን ታቅፎ ያመጣና መድፉ ሆድ ውስጥ ይከትታል። በር ከፋቹ የኋላውን በር ይዘጋል። አነጣጣሪው በመነጽሩ ያስተካክላል፣ እኔ "ተኩስ!" እላለሁ፣ ገመዱ ይሳባል። ያኔ ሁላችንም አፋችንን ከፍተን፣ ዓይናችንን ጨፍነን ፊታችንን እናዞራለን። ከዚያ በሩ ይከፈታል፣ የጋለው ባዶ ቀለህ ይወድቃል፣ እንደገና ከሀ እንጀምራለን። የምንመታውን አናየውም። ወገባችን ተቆርጧል፤ ምግብ ስንበላ እንኳ አፋችን ባሩድ ባሩድ ይላል።

የማናችንም ጆሮ ደህና አይደለም። በር ከፋቹ፣ ማለትም የሚስቴ ወንድም፣ ግን ከሁላችንም የባሰ ነበር። እየጮኸ ስለሚያወራ "ራዲዮ" እንለዋለን፤ ይናገራል እንጂ አይሰማም። ስለ ጆሮው ስጠይቀው ከከንፈሬ አንብቦ ይቆጣል።

"ጆሮዬ ምንም አልሆነም! ደግሞስ ምን ልታደርግ ነው? ምሽግ ቆፋሪ ልታስደርገኝ?"

መድፉ መተኮሱን የሚያውቀው በእግሩ እንደሆነ ደርሼበታለሁ። መሬቱ ሲነቀነቅ በሩን ይከፍታል። ሥራው ስላልተበላሸ ዝም አልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከዓይኔ እንዲርቅብኝም አልፈለግሁም።

ያን ቀን ስንተኩስ ውለን ፀሐይ እያዘቀዘቀች ነበር። ከጎናችን ያለው መድፍ ከእኛ እኩል ይተኩሳል። "ተኩስ!" አልኩ፣ ገመዱ ተሳበ፣ መሬቱ ተነቀነቀ፣ አቧራው ሸፈነን። የተኮሰው ግን የጎረቤታችን መድፍ ነው። የእኛው ጭጭ አለ።

ጥይት እምቢ ሲል በሩን ማንም አይነካም። እሳቱ ውስጥ ለውስጥ እያዘገመ ሊሆን ይችላል፤ በሩ ከተከፈተ ደግሞ የሚወጣው በእኛ ላይ ነው።

ራዲዮ እጁን ወደ በሩ እጀታ ሰደደ።

"ተው!" አልኩ። "ተው! ተው አንተ!" ጉሮሮዬ እስኪሰነጠቅ ጮህኩ። አጉራሹም ጮኸ። ዞር ብሎ እንኳ አላየንም። አጠገቤ የነበረውን የአፈሙዝ መወልወያ ዘንግ አነሣሁና ባለ በሌለ ኃይሌ ክንዱ ላይ አሳረፍኩበት። አጥንቱ ሲሰበር በዘንጉ በኩል እጄ ላይ ተሰማኝ። እየተራገመ ወደ ኋላው ወደቀ።

ወዲያው፣ ገመዱን ማንም ሳይነካው፣ መድፋችን ተኮሰ።

መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። አነጣጣሪው ሰውነቱን እየዳበሰ "ተርፈናል እንዴ?" አለ። የሳቀለት የለም።

ሐኪሙ የራዲዮን ክንድ አስሮ ወደ ቤቱ እንደሚላክ ነገረን። መኪናው ላይ ሊወጣ ሲል ራዲዮ ወደ እኔ ዞረ። ዓይኑ ቀልቷል። የሆነውን በምልክትም በጩኸትም አስረድተውታል።

"እሺ፣ አለመተኮሱን አላወቅኩም፤ ጥፋቱ የኔ ነው!" አለ፣ ሰፈሩን በሚያናጋ ድምፅ። "ግን ሰው ይጠራል እንጂ እንደ አህያ ይደበደባል? አንድ ጊዜ ብትጠራኝ እኮ እጄን እመልስ ነበር!"

ሁሉም መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። አጉራሹ ሊናገር አፉን ሲከፍት በዓይኔ ዝም አሰኘሁት። ከንፈሬን እንዲያየው ፊት ለፊቱ ቆምኩ።

"ልክ ነህ" አልኩት ቀስ ብዬ። "መጥራት ነበረብኝ።"

"ለእህቴ እነግርብሃለሁ!"

"ንገራት" አልኩት።