አምፖል ማሳረፍ

ሐብተማርያም አኮረፈኝ። ሶዶ ገበያው ዳር ባለችው የኤሌክትሪክ ዕቃ ሱቄ በር ላይ በየጠዋቱ ቆሞ ሳይተርበኝ የማያልፍ ጎረቤቴ፣ አንገቱን አዙሮ ማለፍ ጀመረ። ምክንያቱ አምፖል ነው። ዓመታት ያገለግላል ብዬ የሸጥኩለት ጥምዝምዙ ቆጣቢ አምፖል ወር ሳይሞላው ተቃጠለ። ቀየርኩለት፤ ተቃጠለ። ደግሜ ቀየርኩለት፤ እሱም አልበረከተም። በመጨረሻ «ጀማለዲን ፎርጅድ መሸጥ ጀመረ» ብሎ ለሰፈሩ አስወራና ሌላ ከተማ፣ ቦዲቲ ድረስ ሄዶ ገዛ። ለአንድ አምፖል ቦዲቲ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

የቦዲቲውም መቃጠሉን ስሰማ ደስ አላለኝም ብል ውሸቴን ነው። ግን ጠዋቱ ያለ እሱ ጨው የሌለው ወጥ ሆኖብኛል። ናፍቆኛል። ስለዚህ የቤቱን መስመር ልፈትሽ ብዬ አመሻሽ ላይ ሄድኩ።

ባለቤቱ ዓመለወርቅ ሳሎን፣ በቦዲቲው ምትክ በተገዛ አምፖል ስር ተቀምጣ ምስር ትለቅማለች። እሷ በደስታ ተቀበለችኝ፤ እሱ በአገጩ ወንበር ጠቆመኝ። ቴስተሬን አውጥቼ ሶኬቱንም ማብሪያ ማጥፊያውንም አየሁ። እንከን የለውም። ይህን ስሠራ ዓመለወርቅ ወደ ጓዳ ገባች፤ ሐብተማርያም መብራቱን ቀጭ አድርጎ አጠፋው። ተመለሰች፤ አበራው። ስልክ ልታነሳ ወጣች፤ አጠፋው። እኔ ቴስተሬን እንደያዝኩ ጨለማ ውስጥ ቀረሁ።

«ምን እያደረግህ ነው?» አልኩት።

«አሳርፋታለሁ።»

ሳቄ መጣ፤ ዋጥኩት። ከተማ ከመግባቱ በፊት አራሽ ነበር፤ በሬውን ሳያሳርፍ የዋለበት ቀን የለም። ለአምፖሏም አዝኖላት ነው። ይህቺ ዓይነት አምፖል የሚያደክማት በርታ መቆየቷ ሳይሆን መነሳቷ እንደሆነ፣ በየደቂቃው ካበሩ ካጠፏት ዕድሜዋ እንደሚያጥር ቀስ ብዬ አስረዳሁት። ከዚያ አበራውና እጁን ኪሱ ከተተ።

ራት ቀረበ። የነሱ ጾም ስለነበር ከአንድ ትሪ ለመብላት የሚያስቸግር ነገር አልነበረም። ገና በመጀመሪያው ጉርሻ ጠጠር ነከስኩ።

ዓመለወርቅ ባሏን አየችው። «በጨለማ የተለቀመ ነው፣ ጋሽ ጀማል» አለች።

ሐብተማርያም ሳይወድ በግዱ ሳቀ።

በልተን ልነሳ ስል ክንዴን ያዘኝ። ቀና ብሎ አምፖሏን አየ፤ ቀጥሎ ማጥፊያውን።

«ቁጭ በል» አለኝ። «አሁን ከሄድክ አጠፋታለሁ፤ ራሴን አውቀዋለሁ።»

ተመልሼ ተቀመጥኩ። አኩርፎኝ በከረመበት ጊዜ ሁሉ ለእኔ ያጠራቀመውን ወሬ አንድ በአንድ ያወጣልኝ ጀመር።